ሙያዬ በሰው አገር በር ላይ

ወደ ጀርመን የሄድኩ ዕለት ማታ ሰፈሬ ጉራራ ዝናብ ጥሎ ነበር። ከእንጦጦ የወረደው ጎርፍ መንገዱን ጭቃ አድርጎት፣ ሊሸኙኝ የመጡ ጎረቤቶች ጫማቸውን ደጃፌ ላይ እያራገፉ ይገባሉ። እኔ ግን እንግዳ መቀበሉን ትቼ፣ ጓሮ ሳፋ አጠገብ ቁጭ ብዬ እጄን እፈትጋለሁ። በሎሚ ፈተግኩት፣ በአመድ ፈተግኩት፣ በሳሙናም ደገምኩት። በጣቴ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ጥላሸት የዕድሜ ልክ ነውና ንቅንቅ አልል አለ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ልጄ ትዕግሥት ጀርመን አገር ነርስ ናት። የምትሠራው ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ነው። እዚያው አገባች፣ አረገዘች፣ ከዚያ ሕጉ ፈቅዶላት እኔን ልትወስደኝ ወረቀቱን ሁሉ ጨረሰች። የዚያን ቀን ጠዋት ደውላ እንዲህ አለችኝ፦

«አባባ፣ እጅህን ደህና አድርገህ ታጠብ፣ እሺ? ለማቲያስ ደን ጠባቂ ነበር ብዬዋለሁ።»

ማቲያስ ባሏ ነው።

«ምን ነበር አልሽው?»

«ደን ጠባቂ። እንጦጦ ላይ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«አባባ? አለህ?»

«አለሁ።»

«በቃ ከጠየቀህ እንደዚያ በለው።»

እንዳታሳፍረኝ አላለችም። ልጄ ጨዋ ናት። እኔ ግን ሰማሁት።

ጉራራና ፈረንሳይ ሰፈር ያላችሁ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ ሽፈራው ቱሉ እባላለሁ፣ ከሰል አክሳይ ነኝ። ከእንጦጦ ማርያም ጀርባ፣ ባህር ዛፉ ውስጥ፣ እንጨት ቆርጬ ከምሬ፣ በቅጠልና በአፈር ደፍኜ፣ ውስጥ ለውስጥ እሳት ለቅቄ፣ ነጩ ጭስ ሰማያዊ ሆኖ እስኪበስል ጠብቄ፣ ከሰሉን በጆንያ ሸጬ ነው ልጅ ያሳደግኩ። እናቷ ቀድማን ስላረፈች ትዕግሥት ከእግሬ ሥር አትለይም ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትልቁ ድንጋይ ላይ ወጥታ መንገዱን ትጠብቅልኛለች። ደን ጠባቂ ብቅ ካለ ታፏጫለች፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። እኔ ጭሱን በአፈር አፍኜ፣ እሷን በክንዴ ብድግ አድርጌ ወደ ገደሉ ነው።

ደን ጠባቂ ማለት ለኔ ምን እንደሆነ እንግዲህ ገባችሁ። ሲደርስ ክምሩን በጫማው ይንደዋል፣ መጥረቢያህን ይወስዳል፣ ከያዘህ ደግሞ ጣቢያ ነህ። ዕድሜዬን ሙሉ የሸሸሁት ሰው ነው። ባህር ማዶ የምሻገረው ታዲያ እሱን ሆኜ ነው!

ይህን ለጓደኛዬ ለደበላ ስነግረው እንባው እስኪፈስ ሳቀብኝ። ደበላ አብሮኝ ሲያከስል የኖረ፣ አብሮኝም የሮጠ ሰው ነው። ተራራው ተከልሎ መናፈሻ ከሆነ ወዲህ ማክሰሉ ቀረና፣ እሱ እዚያው ጥበቃ ተቀጠረ። ሊሸኘኝ የመጣው ከነመለዮው ነበር።

«አንተ ሽፈራው፣ ታዲያ ምን ቸገረህ፣ መለዮዬን ላውልቅልህ?»

«ቀልድህን ተው።»

«ቆብ እንኳ ውሰድ! ፈረንጅ ቆብ ያከብራል።»

«አንተስ ለብሰኸው ማን አከበረህ?»

«የድሮ ጓደኞቼ ይሮጡልኛል» አለና ሳቁን አቆመ። ከዚያ አቅፎኝ ብዙ ቆየ። መለዮው አዲስ ነው፤ ከሥሩ ግን ያው የባህር ዛፍ ጭስ ይሸታል።

አውሮፕላኑ ሲነሳ በመስኮት ሰፈሬን ፈልጌ አጣሁት። ኮተቤና አያት፣ ጉራራና ፈረንሳይ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተደፍቶ የተበተነ ፍም መሰለኝ። ከፍሙ በላይ ያለው ጨለማ እንጦጦ መሆኑን አወቅሁ። እሱን እስኪጠፋ አየሁት።

ማቲያስ ረጅም፣ ቀይ ጢም ያለው፣ ዓይኑ የዋህ የሆነ ልጅ ነው። አማርኛውን የተማረው ከሚስቱ ጋር ሲያወራ ስለሆነ ሰውን ሁሉ እንደ እሷ ነው የሚጠራው። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ መጣና፣

«አባባ፣ እንኳን ደህና መጣሽ! በጣም ደክሞሻል?» አለኝ።

ትዕግሥት ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ደከመኝ አልኩት፤ ምን ላድርግ። ዛሬም ድረስ አንቺ እያለኝ ነው፣ እኔም ለምጄዋለሁ።

ከተማቸው ትንሽ ናት፣ ደን የከበባት። ቱሪንገን የሚሉት አገር ነው። የሚያዝያ ብርድ እንደ እንጦጦ ብርድ አይደለም። የእንጦጦ ብርድ ፀሐይ ሲወጣ ይቅርታ ይጠይቅሃል፤ ይኼኛው ቀኑን ሙሉ እንዳኮረፈ ይውላል። ዳቦአቸው ጥቁር ነው፣ ጠንካራ፣ ቢላዋ ያደክማል፤ ግን ሲያኝኩት እየጣፈጠ ይሄዳል። ሰዎቹም እንደ ዳቦአቸው ናቸው። አንድ ቀን ሳል ሲይዘኝ ትዕግሥት ከመድኃኒት ቤት ከረሜላ አመጣችልኝ። አፌ ውስጥ ሳደርገው፣ እናንተዬ፣ ባህር ዛፍ! የእንጦጦ ባህር ዛፍ ቅጠል፣ ዝናብ የመታው! ሳሉ ከለቀቀኝ በኋላም ኪሴ ውስጥ አይጠፋም። ናፍቆት ሲነሳብኝ አንድ እጎርሳለሁ።

በሳምንቱ ለመመዝገብ ወደ ማዘጋጃ ቤታቸው ሄድን። ራትሃውስ ይሉታል። መነጽር ያደረገች ሴት ተቀበለችን፤ ትዕግሥት ታስተረጉማለች።

«የቤተሰብ ስም?»

«ሽፈራው ቱሉ።»

«የትኛው ነው የቤተሰቡ?»

«ሽፈራው እኔ ነኝ። ቱሉ አባቴ ነው።»

«እንግዲያው የቤተሰብ ስምዎ ቱሉ ነው። የልጅዎስ?»

«ሽፈራው።»

«ሽፈራው እርስዎ ነዎት አላሉም?»

«ነኝ።»

መነጽሯን አወለቀች። «ስለዚህ አባትና ልጅ የቤተሰብ ስማችሁ አይገናኝም። የእርስዎ የራስዎ ስም ግን የልጅዎ የቤተሰብ ስም ነው።»

«አሁን ገባት» አልኩ ለትዕግሥት።

አልገባትም። አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጄን እያየች ኮምፒዩተሩን ነካካች፤ ኮምፒዩተሩም እምቢ አላት መሰለኝ።

«አባትዎ አቶ ቱሉ የት ነው የሚኖሩት?»

«እንጦጦ ማርያም።»

«አድራሻው?»

«በምሥራቅ በኩል፣ ከጽዱ ሥር። ካረፈ ቆይቷል።»

ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ፣ «ሙያ?» አለች። ትዕግሥት እኔን ሳታየኝ በጀርመንኛ መለሰችላት። ፎርስተር የምትል ቃል ሰማሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ማወቁን አውቄዋለሁ።

ላቲኑን ፊደል አላነብም። ግን አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። የምንኖርበት ሕንፃ በር ላይ በየደወሉ ስም ተጽፏል። ከስሞቹ አንዱ ላይ እንደ ዓይን ሁለት ነጥብ የተቀመጠባት ክብ ፊደል አለች። ያው ስም የማቲያስ ደወል ላይ አለ፤ ምድር ቤት በሚኖረው በአከራያችን ደወል ላይም አለ፤ ሦስተኛ ፎቅም አለ። ለመናፈስ ስወጣ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ላይ አየሁት። የጥርስ ሐኪሙ ላይ አየሁት። መቃብራቸውን ዞሬ ሳይ ደግሞ ድንጋይ በድንጋይ እሱው ነው። ያቺ ባለሁለት ዓይን ፊደል ከየበሩ ታየኛለች።

«ይህ ስም ምንድን ነው?» አልኩት ማቲያስን።

«ኮህለር» አለኝ። «የኔ ስም።»

በኛ አገር ሁለተኛ ስም የአባት ነው። ስለዚህ እንዲህ አሰብኩ፦ ኮህለር የሚባል አንድ ኃይለኛ ሰውዬ ነበረ፤ ይህን ሁሉ መንደር ወለደ። ስንት ሚስት ቢኖረው ነው ብዬ ተገረምኩ። አከራያችንም እንግዲህ የማቲያስ ወንድም ወይ አጎት ነው፣ ለኔ አማች ነው። አማችነት ደግሞ እንዲሁ አይታለፍም።

አከራያችን ሄር ኮህለር (አቶ ማለታቸው ነው) ቅንድቡ የበዛ፣ ጠዋት ጠዋት የቆሻሻ ገንዳ ከፍቶ የሚመረምር ሰው ነው። የሙዝ ልጣጭ ለፕላስቲክ በተለየው ቢጫ ገንዳ ውስጥ ካገኘ ልጣጩን ይዞ ደረጃ ይወጣል። በማግስቱ ልጣጭ ይዞ ሲመጣ በሩን ከፈትኩ፣ ሁለት እጄን ዘረጋሁ፣ ጉንጩን ሦስቴ ሳምኩት። ልጣጩ እጁ ላይ እንደተንጠለጠለ ደርቆ ቀረ።

ትዕግሥት ከጓዳ ሮጣ መጣች። «አባባ! ምን እያደረግክ ነው?»

«አማቼን እየሳምኩ ነው።»

«ምን አማች? አከራያችን ነው!»

«ኮህለር አይደለም?»

«ነዋ! ግን ዘመድ አይደሉም።»

«አንድ ስም ይዘው? ታዲያ ማን ወለደው?»

ሰውዬው ምን እንዳልኩ ጠየቃት፤ ነገረችው። ቅንድቡ መጀመሪያ ወጣ፣ ከዚያ ወረደ፣ ከዚያ ሰውዬው እንደ በርሜል ድምፅ አውጥቶ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጣጭ አላመጣብኝም። ከርቀት ግን ጉንጩን ይሸፍናል፣ እየቀለደ።

በክረምት፣ ማለቴ በእነሱ በጋ፣ ትዕግሥት ወንድ ልጅ ወለደች። ዮናስ አሉት። ያ ስም በሁለቱም አገር ያስኬዳል። የቤተሰብ ስሙ ግን አልተወሰነም ነበር። ባልና ሚስቱ ሲጋቡ እያንዳንዳቸው ስማቸውን እንደያዙ ስለቀሩ፣ ከሁለቱ አንዱን ለልጁ መርጠው በአንድ ወር ውስጥ ማስመዝገብ ነበረባቸው።

«ዮናስ ሽፈራው ነው የሚባለው» አለችኝ ትዕግሥት አልጋዋ ላይ ሆና። «ያንተ ስም ለልጄ ቤተሰብ ስም ይሆናል፣ ከሱ ለልጆቹ፣ ለልጅ ልጆቹ።»

ምን ልበላችሁ። በኛ አገር ስምህ አንድ ትውልድ ይሻገርና በልጅ ልጅህ ላይ ይቆማል። እኔ ከጉራራ ጭቃ የወጣሁ ሰው፣ ስሜ ጀርመን አገር በር ላይ ተጽፎ ሲወርድ ሲዋረድ ሊኖር ነው። ሕፃኑን አቅፌ፣ «ሽፈራው፣ አንተ ሽፈራው» እያልኩ ቤቱን ዞርኩ። ማቲያስ ግን ጥግ ቆሞ ያየናል። «ለኔ ጥሩ ነው» ይላል ሲጠየቅ። ሲያዝን ጢሙን የሚያሻሽ ልጅ ነው፤ ያን ሰሞን ጢሙን አልለቀቀም።

በዚያው ሰሞን ሄር ኮህለር ጓሮ ሥጋ ሊጠብስ የከሰል ከረጢት ይዞ ወጣ። ከሰል ሳይ እግሬ አላስቆም አለኝ። ከከረጢቱ አንድ አንስቼ በጥፍሬ መታ አደረግሁት፤ እንደ ብርጭቆ ጮኸ። በደንብ የበሰለ ነው። ሰውዬው ሁኔታዬን አይቶ ሳቀ። ከሰሉን ከእጄ ወሰደና ወደ ላይ አንስቶ፣ «ኮህለ» አለ። ከዚያ መሬት ላይ ተንበርክኮ እንጨት እየደረደረ እንደሚከምር አስመሰለ፣ አፈር እንደሚመልስ አስመሰለ፣ ጭስ በጣቱ ወደ ሰማይ አወጣ። ደረቱን በጡጫው መታና፣ «ኮህለር!» አለኝ። ወደ ማቲያስ መስኮት ጠቆመ፤ «ኮህለር!» ወደ ዳቦ ቤቱ ጠቆመ፤ «ኮህለር!»

አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ሰውዬው ያሳየኝ ሥራ የኔ ሥራ ነው።

ደረጃውን ወጥቼ ትዕግሥትን ልጁን ስታጠባ አገኘኋት።

«ኮህለር ማለት ምን ማለት ነው?»

«ስም ነዋ፣ አባባ።»

«ትርጉሙን ነው የጠየቅኩሽ።»

ቀና አላለችም። «ከሰል አክሳይ» አለች ቀስ ብላ።

«ለዚህ ነው በባልሽ ስም ያልተጠራሽው?»

«ትምህርት ቤት ምን ይሉኝ እንደነበር ረስተኸዋል? ከሰሏ መጣች ብለው አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር። መምህሯ ሳትቀር ሂጂ ታጠቢ ብላ ከክፍል ታስወጣኝ ነበር። ታጥቤ ነበር የምሄደው አባባ። ራስህ ነበርክ የምታጥበኝ።»

«እዚህ ማን ይስቅበታል? የጥርስ ሐኪሙ ሳይቀር በዚህ ስም ነው የሚጠራው።»

«አይስቁም። እኔ ግን እሰማዋለሁ። ልጄ በተጠራ ቁጥር እኔ እሰማዋለሁ።»

ወጥቼ ከረሜላዬን ጎረስኩ።

ማቲያስን በእግር ስንሄድ የስሙን ነገር ጠየቅሁት። በተሰባበረች አማርኛው ቀስ እያለ አስረዳኝ። ድሮ ድሮ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ እንደኛው። መንደር ውስጥ ሐንስ የሚባሉ ሲበዙ፣ ሐንስ ባለወፍጮው፣ ሐንስ ልብስ ሰፊው፣ ሐንስ ከሰል አክሳዩ እያሉ ይለዩአቸው ጀመር። ኋላ ስሙ ለልጅም ተላለፈ፣ ልጁ ሥራውን ቢተወውም። ብረት አቅላጩና ብርጭቆ ሠሪው ያለ ከሰል ስለማይሠሩ በየጫካው ከሰል አክሳይ ነበረ፤ ለዚህ ነው ደን ባለበት አገር ስሙ የበዛው፣ ዘመድም ያልሆኑት።

«ይከበሩ ነበር?» አልኩት።

«አይ። ጥቁር ናቸው፣ ጫካ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰው ይፈራቸዋል፣ ይንቃቸዋል። የነገሩትን ሳያስብ የሚያምን ሰው ለማለት ዛሬም በነሱ ስም የምንተርተው አለ።»

«አንተስ በስሙ አታፍርም?»

ቆም ብሎ አሰበበት። «እኔ ምን አደረግሁ? እነሱ ሠሩ፣ እኔ ተሸከምኩ። ቀላል ነው።» ከዚያ ትከሻዬን መታ አድርጎ ሳቀ። «ግን አባባ፣ አንቺ ደን ጠባቂ ነሽ። ደን ጠባቂና ኮህለር ጠላት ነበሩ። ልጅሽን ለጠላት ሰጠሽ!»

እኔም ሳቅሁ። እጄን ግን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ለስሙ የተሰጠው ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማቲያስ ሁላችንንም በመኪና ጫነና ወደ አንድ መንደር ወሰደን። እዚያ ሽማግሌዎች በዓመት አንዴ እንደ ጥንቱ ከሰል ያከስላሉ፤ ሰው መጥቶ ያያል፣ ቋሊማ ይበላል። ክምሩን ማይለር ይሉታል። የኛ ክምር እንደተኛ በሬ ነው፤ የነሱ እንደ ጎጆ ቤት ቀጥ ብሎ ይቆማል። አፈሩ ግን ያው አፈር፣ የጭሱ ቀዳዳም ያው ቀዳዳ። እንጨቱ ባህር ዛፍ ስላልሆነ ሽታው ይለያል። ቢሆንም ዓይኔ ቆጠቆጠኝ፣ ደስም አለኝ።

ዋናው አክሳይ ሽናይደር ይባላል። ሽናይደር ልብስ ሰፊ ማለት ነው ብሎ ማቲያስ ሲነግረኝ፣ የነዚህ ሰዎች ስምና ሥራ ተጠፋፍተዋል አልኩ በልቤ። ሽናይደር አንድ እግር ብቻ ያላት በርጩማ አቀረበልኝ። ለካ ድሮ ክምሩን ሲጠብቁ የሚቀመጡባት ናት፤ ካንቀላፋህ ትገለበጥና ትነቃለህ። እንዲህ ያለች በርጩማ እንጦጦ ላይ በኖረችኝ ኖሮ!

ተቀምጬ ጭሱን ሳይ ነው አረንጓዴ መኪና መጥቶ የቆመው። አረንጓዴ መለዮ የለበሰ፣ ቆብ ያደረገ፣ ጫማው ትልቅ የሆነ ሰው ወረደ። በዚያው ቅጽበት ከኋላዬ ፉጨት ሰማሁ።

ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

ሳላስበው ተነሳሁ። በርጩማዋ ተገለበጠች። የሽናይደርን አካፋ ነጥቄ የጭሱን ቀዳዳዎች በአፈር ደፈንኩ፣ አንዱን፣ ሌላውን፣ የሰው ጩኸት ይሰማኛል ግን አይገባኝም። አካፋውን ጥዬ ወደ ዛፎቹ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ! ትልቅ ዛፍ ጀርባ ስደርስ ትዕግሥት ቀድማኝ እዚያ ናት። ዮናስን ደረቷ ላይ በማዘያው ታቅፋ፣ በአንድ እጇ ጭንቅላቱን ሸፍና፣ ከዛፉ ጋር ተለጥፋለች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ተያየን።

«አንቺ ነሽ ያፏጨሽው?» አልኳት።

«አላወቅሁም» አለች። «አባባ፣ እኔ አላወቅሁም፣ አፌ ነው።»

ሳቅ መጣብን። አፋችንን በእጃችን ይዘን ሳቅን፣ እንዳይሰሙን፤ ያኔም እንደዚያው ነበርና። ከዚያ እሷ እያለቀሰች መሆኑን አየሁ። ሕፃኑ ነቅቶ በሁለት ዓይኑ ያየናል።

«ትዕግሥት» አልኳት፣ «ይህን ልጅ ምን አስተማርነው አሁን?»

በመዳፏ የልጁን ጭንቅላት ዳበሰች።

«ስሜን ልትሰጭው በማሰብሽ አምላክ ይስጥልኝ። ኩራቴ ነው። ግን እኔ እጄን አሳርሬ ያሳደግኩሽ ተደብቀሽ እንድትኖሪ አይደለም። እኛ ሸሸን፣ በቃ፣ እኛ ሸሸን። እሱ በኔ ስም ከሥራዬ ተደብቆ አይደግ። የአባቱን ስም ስጪው። የኔም የምለው እሱን ነው።»

ማቲያስ ዛፉን ዞሮ መጣ። «አባባ፣ ምን ሆንሽ?»

ትዕግሥት እንባዋን ጠርጋ ነገረችው። በጀርመንኛ ስለነበር ቃሉን አልለየሁም፤ ግን እጇ እንጨት ሲከምር፣ አፈር ሲመልስ፣ ጭስ ሲያወጣ አየሁት። እንደ ሄር ኮህለር እጅ። ማቲያስ ጢሙን ያዘ። ከዚያ ለቀቀው። አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለና እጄን ገልብጦ የጣቴን ስንጥቅ አየ።

«ታዲያ እኔ በስም ብቻ ነኝ» አለኝ። «እውነተኛው ኮህለር አንቺ ነሽ።»

ወደ ክምሩ ስንመለስ ሽናይደር እየተነጫነጨ ቀዳዳዎቹን ይከፍታል፤ ትንሽ ቢቆይ እሳቱን ላጠፋበት ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት። ባለመለዮው ሰው ቡናውን በኩባያ ይዞ፣ በሌላው እጁ ኬክ ይዞ ቆሟል። የመጣው ለቡናውና ለኬኩ ነበር። ማቲያስ ነገሩን ሲያስረዳው ኬኩን አስቀመጠ፣ ቆቡን አወለቀ፣ እጁን ዘረጋልኝ። የደን ጠባቂ እጅ ስጨብጥ በዕድሜዬ መጀመሪያዬ ነው። ስሙን ነገረኝ።

«ኮህለር።»

«እሱንም ልስመው እንዴ?» አልኩ ለትዕግሥት። ሳቀች። ስለ ልጁ ስም ግን በዚያን ቀን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ። እኔም አልነዘነዝኳትም። ክምር ሲበስል አይነካም።

በመጨረሻው ቀን ወደ ራትሃውስ ሄድን፤ ያቺው ባለመነጽር ሴት ናት። እኔን ስታይ ወንበሯ ላይ ተመቻቸች፣ ሌላ ሥራ እንደሚጠብቃት አውቃ።

«የሕፃኑ የቤተሰብ ስም?»

ማቲያስ ትዕግሥትን አየ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ትዕግሥት ልጁን ከደረቷ አወጣችና እኔን አስታቀፈችኝ።

«ኮህለር» አለች።

ሴትዮዋ ተነፈሰች። ምን እንዳለች ማቲያስ ኋላ ነገረኝ፤ «ደግሞ ሌላ ኮህለር!» ነው ያለችው። ትዕግሥት ግን በዚያ አላበቃችም። ጎንበስ ብላ ሌላ ነገር ተናገረች፣ ወደ እኔ እየጠቆመች። ሴትዮዋ ኮምፒዩተሩን ነካች፣ አንድ ቃል ሰረዘች፣ አንድ ቃል ጻፈች። ፎርስተር፣ ደን ጠባቂ የምትለዋ ናት የተሰረዘችው።

ያን ዕለት ከሰዓት ለደበላ ደወልኩ። በረንዳ ላይ ሆኜ ነው። ከጣሪያው ማዶ ደኑ ይታያል፤ ጥቁር፣ ረጅም፣ ከእንጦጦ ጋር የማይመሳሰል። አንድ ከረሜላ ጎርሻለሁ።

«ደን ጠባቂው! እንደምን አለህ?» አለኝ እየሳቀ። ንፋሱ በስልኩ ይሰማኛል፤ ተራራው ላይ ሥራ ላይ ነው።

«ተሽሬያለሁ» አልኩት። ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው አወራሁለት። ስለ በሮቹ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ መቃብሩ፣ ስለ ሕፃኑ።

«ቆይ ቆይ» አለኝ፣ «አገሩ ሙሉ ከሰል አክሳይ ተብሎ ይጠራል? በሩ ላይ ጽፎ?»

«ሁለት ነጥብ ጨምሮበት።»

«ደን ጠባቂ አያባርራቸውም?»

«ደን ጠባቂውም ኮህለር ነው።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ጠራሁት።

«አለሁ» አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሽፈራው፣ አሁን ከማርያም ጀርባ፣ የኛ ቦታ ላይ፣ ጭስ እያየሁ ነው። የሆነ ሰው ገብቶ እያከሰለ ነው። ከቆምኩ ቆይቻለሁ። ፊሽካዬ አፌ ላይ ነው።»

ቦታውን አየሁት፣ ድንጋዩን፣ ከሥሩ ያለውን ገደል፣ ቅጠሉን።

«ጭሱ ምን ዓይነት ነው?» አልኩት።

«ነጭ። ወፍራም።»

«እንግዲያው ገና ነው» አልኩት። «ሰማያዊ እስኪሆን ተወው።»